የሸመገለ ድምፅ

በጥር 2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ማሕሙድ አሕመድ አዲስ አበባ ሚሌኒየም አዳራሽ የስንብት ኮንሰርቱን ሲያቀርብ እኔ እዚሁ ሐረር፣ ጀጎል ግንብ ውስጥ ነበርኩ። ልጄ አስቀድማ ደውላ፣ «አባ፣ ትኬቱን እኔ እቆርጥልሃለሁ፤ አውቶቡሱ ከከበደህ ከድሬዳዋ በአውሮፕላን ና» ብላኝ ነበር። ጉልበቴን አመካኝቼ ቀረሁ። ጉልበቴ ያመኛል፤ መንገድ የሚያስቀር ሕመም ግን አይደለም። የፈራሁት ሌላ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ጆሮዬ ውስጥ የኖረው ድምፅ በአንድ ማታ እንዳይሸመግልብኝ ፈራሁ።

ያን ማታ ነደባው ላይ ተደግፌ ካሴት ከፈትኩ። ማሕሙድ ከአይቤክስ ባንድ ጋር የተጫወተው «ኧረ መላ መላ» ነበር። በዚያ ካሴት ላይ ማሕሙድ ገና የ34 ዓመት ሰው ነው። አዳራሹ ውስጥ ሕዝብ ፊት የቆመው ማሕሙድ ደግሞ 83 ዓመቱ። ሁለቱም በአንድ ሰዓት ይዘፍኑ ነበር፤ እኔ ወጣቱን መርጬ ሽማግሌውን ተውኩት። ከዚያ ወዲህ ይህ ምርጫዬ ሲከነክነኝ ቆይቷል።

ሐረርን ለማያውቅ አንባቢ ስለ ነደባ ትንሽ ልበል። በጌይ ቤት ማን የት እንደሚቀመጥ ቤቱ ራሱ ይናገራል። ጌይ የምንለው ከተማችንን ነው። የቤቱ ዋና ክፍል ጊድር ጋር ይባላል፤ መሬቱ ቀይ ነው፤ ከፍና ዝቅ ተደርገው የተሠሩ 5 መቀመጫዎች አሉት። ነደባ የምንላቸው እነሱን ነው። አሚር ነደባ የአባወራው ቦታ ነው፤ እዚያ የተቀመጠ ሰው በበሩ የሚገባውን ሁሉ ያያል። ልጅ አይወጣበትም። ግድግዳው ውስጥ በተቦረቦሩት መደርደሪያዎች ላይ እናቴ ሳሕኖቿን ትደረድር ነበር። ዛሬ በአንደኛው ላይ የእኔ ካሴቶች ተደርድረዋል፤ አቧራው ቢጠረግም አያልቅም።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ሱቁ መኪና ግርግር ላይ ነበር። ያ ጠባብ መንገድ ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው፤ ግራና ቀኝ ሰፊዎች ተደርድረው ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲረግጡ መንገዱ በሙሉ ይንጫጫል። ልጅ ሆኜ ከአባቴ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጬ ሳዳምጥ፣ ጫጫታው ቀስ በቀስ እየተለየ ይመጣልኝ ነበር። የአንዱ መኪና ፈጣን ነው፤ የሌላው ይቆማል፣ ይነሣል። ከሩቅ ያለው ደግሞ ከሥር እንደሚሄድ ቤዝ ነው። የጃዝ ድራም በዓይኔ ያየሁት ከዚያ ብዙ ዓመት ቆይቶ ነው፤ ምት የሚባለውን ግን ያወቅኩት እዚያ ነው።

ሮክ ጀጎል የገባው በሁለት በኩል ነው። አንደኛው በአሜሪካኖቹ ነው። ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የሰላም ጓድ መምህራን ወደ ሐረር መጡ። ታላቅ ወንድሜን ያስተምር የነበረው ሰው ሸክላ ማጫወቻ ነበረው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ መስኮቱን ከፍቶ ሲያጫውት ልጆች ከመስኮቱ ሥር እንሰበሰባለን። እንግሊዝኛው አይገባንም። ጊታሩ ግን አስተርጓሚ አልፈለገም። ያ ሰው ሀገሩ ሲመለስ ከሸክላዎቹ አንዱን ለወንድሜ ሰጠው፤ የሳንታና ነበር።

ሁለተኛው መንገድ በአዲስ አበባ ነው። በዚያ ዘመን ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። አምኃ እሸቴ የሚባል አንድ ደፋር ወጣት አዋጁን ወደ ጎን ብሎ በ1961 ዓ.ም. በራሱ ስም ማሳተም ጀመረ። ከመጀመሪያዎቹ ሸክላዎቹ ውስጥ የዓለማየሁ እሸቴ ነበሩበት። ዓለማየሁ በፖሊስ ኦርኬስትራ ያደገ፣ በአዘፋፈኑም በአለባበሱም ኤልቪስ ፕሪስሊን የሚያስታውስ ሰው ነው፤ ኋላም የኢትዮጵያው ኤልቪስ ተባለ። እኔ እንኳ ይህ መጠሪያ ያንሰዋል ባይ ነኝ። ኤልቪስ ሆኖ ገባ እንጂ ኤልቪስ ሆኖ አልቀረም። ጩኸቱ የጄምስ ብራውን ቢሆንም ልቅሶው የራሳችን ነው። ያንን ድምፅ ፈረስ መጋላ ከሚባለው አደባባይ አጠገብ ካለ ሻይ ቤት ስሰማ፣ በአማርኛ እንደዚህ መጮኽ ይቻላል ማለት ነው ብዬ የገረመኝ እስካሁን አልወጣልኝም።

የመጀመሪያ ኮንሰርቴ በ1965 ዓ.ም. ነው፤ 16 ዓመቴ ነበር። ከአዲስ አበባ የመጣ ባንድ ከግንቡ ውጪ ባለ አንድ አዳራሽ ይጫወታል ተባለ። አባቴ መግሪብ ሰግዶ እስኪመለስ ጠብቄ፣ ጎረቤት የማጠና መስዬ ደብተር ብብቴ ሥር አድርጌ ወጣሁ። የጀጎል መተላለፊያዎች ለሚደበቅ ልጅ የተሠሩ ይመስላሉ፤ አንዱ ግድግዳ ሲያልቅ ሌላው ይቀበላል። አዳራሹ ታፍኗል። ወንበር አላገኘሁም፤ ከግድግዳው ጋር ተጣበቅሁ። የመጀመሪያው የቤዝ ድምፅ ሲወጣ በጆሮዬ ከመስማቴ በፊት በጀርባዬ በኩል ግድግዳው ነገረኝ። ሸክላ ላይ ይህ የለም። ሸክላ ጆሮን ብቻ ነው የሚያናግረው።

በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዘፈን ላይ መብራት ጠፋ። ጊታሩ ሞተ፤ ኦርጋኑ ሞተ። ሕዝቡ ማፏጨት ጀመረ። ድራመኛው ግን እጁን አላቆመም፤ በጨለማ ውስጥ ቀስ አድርጎ ይመታል። ዘፋኙ ማይክራፎኑን ትቶ ወደ መድረኩ ጫፍ መጣና በራሱ ድምፅ ዘፈነ። ፉጨቱ ቆመ። አንድ ሰው ክብሪት ጫረ፤ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። ድምፁ ከኋላ ያለነው ጋ ሲደርስ የቀጠነ ነው፤ ለመስማት ሁላችንም ትንፋሻችንን ያዝን። መብራቱ መቼ እንደመጣ ትዝ አይለኝም። ከሕይወቴ ኮንሰርቶች ሁሉ ዛሬም በግልጽ የምሰማው ያንን የቀጠነ ድምፅ ነው። ድምፅ ሲያንስ ሰው ይጠጋል። ይህን በ16 ዓመቴ በዓይኔ አይቼ፣ በ68 ዓመቴ እንዴት ረሳሁት?

ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁሉም ያውቀዋል። አብዮቱ መጣ፤ ሰዓት እላፊ መጣ። አዲስ አበባ ለማምሸት የወጣ ሰው ሰዓት እላፊው ከደረሰበት እስኪነጋ እዚያው ሲጨፍር ያድር ነበር፤ እኛ ዘንድ ያም አልነበረም። በ1970 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር እስከ ሐረር ደጃፍ ደረሰ፤ የመድፍ ድምፅ የሰማ ጆሮ ለረጅም ጊዜ ከበሮ ሲመታ ይደነግጣል። አምኃ ከሀገር ወጣ። ዋልያስ ባንድ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለትዕይንት አሜሪካ ሄዶ ግማሹ እዚያው ቀረ። ከቀሩት አንዱ ኦርጋን ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ ነው። ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ እየነዳ ኖረ፤ ኪቦርዱን ከመኪናው የዕቃ መጫኛ ውስጥ አስቀምጦ፣ ኤርፖርት ተራ ሲጠብቅ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። በ2005 ዓ.ም. አንድ የድሮ ካሴቱ በውጭ ሀገር እንደገና ሲታተም ዓለም ፈልጎ አገኘውና ወደ መድረክ ተመለሰ። እነዚያን የታክሲ ዓመታት ሳስባቸው ሆዴ ይባባል። ሰሚ ሳይኖር ጣቱን ያላሳረፈ ሰው ነው።

እኛም በበኩላችን ታክሲ ነበረን። የሐረር ታክሲ ፔጆ 404 ነበር፤ የዓሊ ቢራም ድምፅ ለእኔ ከዚያ መኪና ጋር አብሮ የተሰፋ ነው። ወደ ድሬዳዋ ስንወርድ ሹፌሩ ካሴቱን ያስገባል። መንገዱ በሐረማያ ሐይቅ ዳር ያልፋል፤ ውሃው ላይ ወፎች ነበሩ። ሐረር የምትጠጣው ከዚያ ነበር። ዓሊ ሲዘፍን መኪናው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ፣ ኦሮሞው፣ ጌዩ፣ አማራው፣ ሶማሌው፣ በየራሱ አፍ ያንጎራጉራል።

ዓሊ መሐመድ ሙሳ ነው ትክክለኛ ስሙ። ቢራ የሚለውን ያገኘው በልጅነቱ ከተጫወተው የመጀመሪያ ዘፈን ነው፤ በኦሮምኛ ከክረምት በኋላ የሚመጣው ብራ ወቅት ማለት ነው። ድሬዳዋ ተወልዶ ገና ጢም ሳያበቅል አፍረን ቀሎ የሚባለው ቡድን ውስጥ ገባ። ስሙ 4ቱ የቀሎ ልጆች ማለት ነው፤ አላ፣ ኦቦራ፣ ባቢሌ፣ ዳጋ። በኦሮምኛ መድረክ ላይ መዝፈን እንደ ጥፋት በሚታይበት ዘመን በሠርግና በበዓል ላይ የዘፈኑ ልጆች ናቸው፤ መንግሥት ቡድኑን አገደው። ዓሊ ግን ኡዱንም ጊታሩንም ይዞ ቀጠለ። በክቡር ዘበኛ ሠራ፤ ኋላ ከሀገር ወጥቶ ስዊድን፣ አሜሪካ፣ ካናዳ ኖረ። በኦሮምኛ፣ በአማርኛ፣ በሶማሊኛ፣ በዓረብኛ ዘፈነ፤ በእኛም በጌይ ሲናን ዘፈነ። አንድ ሰው በቋንቋህ ሲዘፍንልህ የቤትህን ደጃፍ እንደረገጠ ነው የሚቆጠረው።

ከስደት ከተመለሰ በኋላ መድረክ ላይ አይቼዋለሁ። ፀጉሩ ነጭቷል። ዘፈኑ ከፍ ወደሚልበት ቦታ ሲደርስ ሕዝቡ ቀድሞ ጀመረ፤ ሺህ ሰው ያንን ከፍታ ለእሱ ወጣለት። በዚያን ጊዜ ደስ አላለኝም። እኔ የምፈልገው በፔጆው ውስጥ የነበረውን ዓሊ ነው። ወደ ቤት ስመለስ ለጓደኛዬ «ደክሟል» አልኩት፤ ጓደኛዬ ዝም ብሎ ቆየና «አንተስ?» አለኝ። ያኔ ተቀየምኩት። ዓሊ ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አረፈ፤ በተወለደበት በድሬዳዋ ተቀበረ። ሐረማያም በ1990ዎቹ ደርቆ እርሻ ሆነ፤ ከዓመታት በኋላ ግን ውሃው ተመለሰ። ወደ ቀብሩ ስወርድ በዚያ ዳር አለፍኩ። ውሃው ድሮ እንደማውቀው አልነበረም፤ ግን ውሃ ነበር፤ ከብቶችም ይጠጡ ነበር። ከመኪናው ወርጄ ትንሽ ቆሜ አየሁት።

ስለሚያረጁ ዘፋኞች ማሰብ የጀመርኩት ከዚያ ቀን ነው። አድናቂ ክፉ ነው። ዘፋኙን ይወደዋል፤ ግን የሚወደው እሱ ራሱ 20 ዓመት በነበረበት ዕድሜ አስሮ ነው። ሲሸመግል እንደ ክህደት ይቆጥርበታል። ጥላሁን ገሠሠ በስኳር በሽታ እግሩን አጥቶ በተሽከርካሪ ወንበር ሕዝብ ፊት ሲቀርብ፣ ቴሌቪዥኑን ያጠፋ ሰው አውቃለሁ። «እንደዚህ ላየው አልችልም» ብሎ ነው። ከፍቅሩ ነው፤ አልዋሸም። ግን ሰውየው እኮ ወንበሩ ላይ ሆኖ ወደ እኛ ነበር የሚያየው፤ ማየት አቃተን ብለን ፊታችንን ያዞርነው እኛ ነን። በፋሲካ ዕለት፣ ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. ሲያርፍ ያ ሁሉ ሕዝብ መስቀል አደባባይ ወጣ። ያ ሁሉ ዕንባ ቀድሞ ቢደርሰው ምናለ እላለሁ።

ሙሉቀን መለሰ ደግሞ በሌላ መንገድ ሄደ። ገና በወጣትነቱ ዓለማዊውን ዘፈን ትቶ ወደ መንፈሳዊ መዝሙር ዞረ፤ አሜሪካ ኖሮ በ2016 ዓ.ም. አረፈ። ስንቱ ለመነው፤ አልተመለሰም። ስለዚህ እኛ ጆሮ ውስጥ ሙሉቀን ሳይሸመግል ቀረ። አንዳንዱ በዚህ ይጽናናል። እኔ አልጽናናም፤ የ60 ዓመቱ ሙሉቀን በእነዚያ ዘፈኖች ላይ ምን ይጨምር እንደነበር ለማወቅ ብዙ በሰጠሁ። ውሳኔው ግን የእምነቱ ነው፤ አከብረዋለሁ።

ከሁሉም የሚያስቀናኝ ጌታቸው መኩሪያ ነው። ይፋት የተወለደ፣ ሽለላና ፉከራን በሳክስፎን ያስጮኸ ሰው። በዕድሜው ማምሻ ላይ ዘ ኤክስ የሚባሉ የሆላንድ ፓንክ ሮከሮች አዲስ አበባ መጥተው ሲጫወቱ ሰማቸውና አብረን እንሥራ አላቸው። በ1998 ዓ.ም. «ሞአ አንበሳ» የሚለውን አልበም አብረው አወጡ፤ 71 ዓመቱ ነበር። አንበሳ ጎፈሩን አድርጎ፣ ልጆቹ ሊሆኑ በሚችሉ ጊታረኞች መካከል ቆሞ ሲነፋ ቪዲዮ ላይ አይቼዋለሁ። ልጆቹ ድምፃቸውን አልቀነሱለትም፤ እሱም ቀንሱልኝ አላለም። በመጋቢት 2008 ዓ.ም. በ81 ዓመቱ እስኪያርፍ ድረስ ከእነዚያ ጩኸታሞች ጋር ወዳጅ ነበር። ዓለማየሁ እሸቴም እንዲሁ ነው። በ2000 ዓ.ም. ክረምት ኒው ዮርክ ሊንከን ሴንተር ከማሕሙድና ከጌታቸው ጋር በፈረንጅ ባንድ ታጅቦ ተጫውቷል፤ ነሐሴ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በ80 ዓመቱ አረፈ። ሻይ ቤቱ ውስጥ የሰማሁትን ያንን ጩኸት አንድም ጊዜ ፊት ለፊት አልሰማሁትም። እሱም ቀረብኝ።

ባለፈው ክረምት የልጅ ልጄ ከአዲስ አበባ ለእረፍት መጥቶ ስልኩ ላይ አንድ ነገር አሳየኝ። ሰኔ 28 ቀን 2017 ዓ.ም. እንግሊዝ ሀገር በርሚንግሃም፣ ኦዚ ኦዝበርን የመጨረሻ ኮንሰርቱን ሲያቀርብ ነው። የብላክ ሳባት ዘፋኝ፤ በልጅነቴ ስሙን የሰማ አባት ልጁን ይቆጣ ነበር። ፓርኪንሰን ይዞት መቆም አይችልም። ትልቅ ጥቁር ዙፋን ላይ ተቀምጦ ይዘፍናል፤ ከዙፋኑ ለመነሣት ይታገላል፤ አይችልም። ስታዲየም ሙሉ ሰው ያለቅሳል፤ ማንም ግን ፊቱን አላዞረም። ከ17 ቀን በኋላ አረፈ። ልጁ «አያቴ፣ ወንበሩ ግን ለምንድን ነው እንደዚህ ከፍ ያለው?» ብሎ ጠየቀኝ። መልሱ ከአፌ ሳይወጣ ዓይኔ አሚር ነደባው ላይ አረፈ።

ሽማግሌን ከፍ አድርጎ ማስቀመጥን እኛ እናውቅ ነበር። የጀጎል ሰው ይህን ከማንም አይማርም።

የረመዳን ጾም አልፎ ተጨማሪዎቹ 6 ቀናት ተጹመው ሲያበቁ ሸዋል ኢድ ነው። በኅዳር 2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ የመዘገበው በዓላችን ነው፤ ከመዝገቡ በፊትም በዓል ነበር። በዚያ ሌሊት ከተማው አይተኛም። ከበሮው ይመታል፤ ከበል የምንለው የእንጨት ማጨብጨቢያ ይመታል፤ ዚክሪ የምንለው ውዳሴ ይዘለቃል። ዚክሪን ከዘፈን ጋር እኩል ማድረጌ እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልኛል፤ ያኛው ለአላህና ለነቢዩ ነው። የምናገረው ስለ ጆሮ ነው። ዚክሪ ላይ ወጣቶች ያዳምቃሉ፤ ከበሮውም የእነሱ ነው። ሽማግሌው ሲጀምር ግን ሁሉም ይቀንሳል። ድምፁ ይንቀጠቀጣል፤ መሀል ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል። «ድሮ እንዴት ነበር!» ብሎ የሚያዝን ሰው እዚያ አታገኝም። ትንፋሹ ሲያጥር ሰው ሁሉ ተቀብሎ ይይዝለታል፤ ሲመለስ ይሰጠዋል። እንዲያውም ያልተንቀጠቀጠ ድምፅ ገና አልበሰለም ነው የሚባለው። ቃሉን ለብዙ ዓመት የተሸከመ ጉሮሮ ምልክት ሊኖረው ይገባል።

አባቴ ከእነዚህ ሽማግሌዎች አንዱ ነበር። ቀን ልብስ ይሰፋል፤ ሐሙስ ማታ ከአፎቻ ማኅበር ጓደኞቹ ጋር ዚክሪ ይሄዳል። ጅዳ ይሠራ የነበረ አጎቴ በ1966 ዓ.ም. ቴፕ ሪከርደር ይዞ መጣና አንድ ሌሊት ቀረጸው። ካሴቱን ለእናቴ ሰጣት፤ ያንን መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው። አባቴ ያኔ እኔ ዛሬ ያለሁበት ዕድሜ ላይ ነበር፤ ዘግይቶ ነው የወለደኝ። በዓመቱ ደከመና መዝለቅ አቆመ፤ ከዚያ ብዙ አልቆየም።

የማልረሳው ጥፋቴ ከዚህ ይጀምራል። አባቴ በሞተ በዓመቱ፣ 19 ዓመቴ ነበር፣ ጓደኛዬ ቤት የወንድሜን የሳንታና ሸክላ ልንቀዳ ተሰበሰብን። ባዶ ካሴት የለም፤ ቢኖርም ገንዘብ የለም። ከመደርደሪያው ላይ አንድ ካሴት አንሥቼ ሮጥኩ። ላዩ ላይ የተጻፈ ነገር አልነበረም። ቀዳንበት። እናቴ ያወቀችው ከብዙ ሳምንት በኋላ፣ አንድ ሐሙስ ማታ ካሴቱን ስትከፍት ነው። ጊታሩ ወጣ። አልጮኸችም፤ አልረገመችኝም። ቴፑን ዘጋችና ካሴቱን ቦታው መለሰችው። እስክትሞት ድረስ አንድ ቀን አላነሣችብኝም።

እኔ የማሕሙድን ስንብት የቀረሁት ለምን እንደሆነ አሁን የማውቅ ይመስለኛል። በወጣትነቴ የሽማግሌን ድምፅ በወጣት ድምፅ ሸፈንኩት፤ ሳላውቅ። በሽምግልናዬ ያንኑ ደገምኩት፤ እያወቅኩ። ያን ማታ ሚሌኒየም አዳራሽ ውስጥ ማሕሙድ የዘፈነውን ልጄ ስልክ ላይ ቀርጻ ላከችልኝ። ለሳምንታት አልከፈትኩትም ነበር። ስከፍተው የቀረጻው ድምፅ ጥሩ አይደለም፤ የሕዝቡ ጩኸት ይበልጣል፤ የልጄም ድምፅ አለበት፤ እያለቀሰች ትዘፍናለች። ከሥሩ ማሕሙድ አለ። የጫማ ጠራጊ ልጅ ሆኖ የጀመረው፣ አሪዞና ክለብ የተላላከው፣ ክቡር ዘበኛ የገባው፣ ያ ሁሉ መንግሥት ሲለዋወጥ የዘፈነው ሰው ድምፅ ነው። ካሴቱ ላይ ያለው የ34 ዓመቱ ማሕሙድ ያንን ሁሉ ገና ኖሮ አልጨረሰም። ውብ ነው፤ ግን የሚያውቀው ጥቂት ነው። የትኛው ይበልጣል ብትሉኝ ዛሬ መልሴ ሌላ ነው፤ መሄድ ነበረብኝ።

ጀጎል ውስጥ የራስ ተፈሪ ቤት የሚባለው ያ ሰገነታማ ቤት ዛሬ የአቶ አብዱላሂ ሸሪፍ ሙዚየም ነው። ጥንታዊ መጻሕፍትና ልብስ ብቻ አይደለም ያለው፤ የድሮ የጌይ ዘፈንና ዚክሪ የተቀረጸባቸው ካሴቶችና ሸክላዎችም ተሰብስበው ይገኙበታል፤ ሳይጠፉ ተገልብጠው እንዲቀመጡ ይደረጋል። እኔ ያበላሸሁትን ካሴት ይዤ ወደዚያ የሄድኩት ከማሕሙድ ስንብት ዓመት በኋላ ነው፤ ተሸክሜው የወጣሁት ከሐፍረት ጋር ነበር።

እቤታችሁ ካሴት ያላችሁ፣ ጀጎል ውስጥም ሆነ ከአምስቱ በሮች ውጪ፣ ድሬዳዋም፣ አዲስ አበባም፣ ቶሮንቶም ያላችሁ፣ አውጥታችሁ አዳምጡት። ላዩ ላይ ምንም ያልተጻፈበትን በተለይ። ክሩ ይበሰብሳል፤ የክረምት እርጥበት አይምረውም። በሕይወት ያለ ሽማግሌ ደግሞ ካላችሁ፣ ዘፋኝም ይሁን ዚክሪ የሚዘልቅ ወይም ሠርግ ላይ የምታቀነቅን አሮጊት፣ ዛሬ ማታ ሂዱና ፊት ለፊት ተቀመጡ። ድምፃቸው ቢቀጥን ተጠጉ።

የሳንታናው ሸክላ ከካሴቱ ያጥር ነበር። በሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ፣ ጊታሩ ካለቀ በኋላ፣ ትንሽ ሹክሹክታ ይሰማል፤ ከዚያ ያልተነካው ይመጣል። ከበሮ፣ ከበል፣ ብዙ ሰው። ከዚያ ሁሉም ቀንሶ የአባቴ ድምፅ ብቻ ይቀራል፤ ይንቀጠቀጣል። 40 ሴኮንድ ነው።